በፊልሙ ውስጥ የሌለው ግማሽ ሰዓት

(በ2003 ዓ.ም. በጃፓን ስለደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ የሚያወሳ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም በአንድ የንባብ ክበብ አዳራሽ በታየበት ምሽት፣ በፊልሙ ሁለት ክፍሎች መካከል የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)

ክቡራትና ክቡራን፣

ፊልሙ እዚህ ላይ የቆመው መብራት ጠፍቶ ወይም ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። ያስቆምኩት እኔ ነኝ፤ ዝግጅቱን ያሰናዱትን ወጣቶች ለምኜ ነው። ባየነው የመጀመሪያ ክፍል ምድር ተናውጣ ጸጥ ብላለች፤ መደርደሪያዎች ወድቀዋል፤ ሰዎች ከየቢሮውና ከየሱቁ ወጥተው መንገድ ዳር ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ። ውሃው ገና አልመጣም። በሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ተራኪው «ከግማሽ ሰዓት በኋላ» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ጥቁር ውሃ ከግንብ በላይ ተንደርድሮ ሲወርድ እናያለን። ያ ግማሽ ሰዓት በፊልሙ ውስጥ የለም። እኔም ዛሬ የምናገረው ስለሱ ነው፤ እንዳጋጣሚ ለንግግሬ የተሰጠኝ ጊዜም 30 ደቂቃ ነው።

ነገሩ የሆነው ዓርብ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 11 ቀን 2011። ከዚህ በኋላ የጃፓኑን ታሪክ ስናገር ዓመታቱን በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ላንሣ። ምድር መናወጥ ስትጀምር የጃፓን የግድግዳ ሰዓቶች 2 ሰዓት ከ46 ያሳዩ ነበር። ለእነሱ ከቀትር በኋላ ነው፤ እኛ 8 ሰዓት ከ46 የምንለው ማለት ነው። በጃፓንና በኢትዮጵያ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለ፤ እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ስለሆነ ከሌላው ዓለም አቆጣጠር በ6 ሰዓት እንለያለን። ሁለቱ ልዩነቶች ሲገናኙ በዚያች ደቂቃ በአዲስ አበባ ያለ ሰው የእጅ ሰዓትም ልክ 2 ሰዓት ከ46 ያሳይ ነበር ማለት ነው፤ የእኛው የጠዋት 2 ሰዓት ከ46። ይህንን ካስተዋልኩ ወዲህ በፊልሞቹ ውስጥ ቆመው የቀሩትን የጃፓን ሰዓቶች ሳይ ማስላት አያስፈልገኝም፤ እኛ በዚያን ሰዓት ምን እያደረግን እንደነበር እንዳለ ያሳዩኛል።

እኔ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እያስተማርኩ ነበር። ያኔ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለች ሻይ ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ጠፍቶ በርቷል። አንድ ዓለም አቀፍ ጣቢያ የጃፓኑን ኤንኤችኬ ምስል በቀጥታ እየተቀበለ ያስተላልፋል። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው፣ በናቶሪ ሜዳ ላይ ከሄሊኮፕተር የተነሣው ምስል ነው። ጥቁር ነገር በእርሻው ላይ ይዘረጋል፤ ከላይ ሲታይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስላል፤ ጠጋ ሲባል ግን ቤቶችን፣ ጀልባዎችንና እየነደደ የሚንሳፈፍ ጣሪያ ተሸክሟል። ነጫጭ የላስቲክ የአትክልት ቤቶች በተርታ ተደርድረው ነበር፤ አንዱን ረድፍ ዋጠ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ከውሃው ፊት ባለው መንገድ ላይ ደግሞ መኪኖች ይሄዳሉ። አንዷ ቆመች፤ ወደ ኋላ ለመዞር ሞከረች። አስተናጋጇ የእኔን ማኪያቶ በትሪ ይዛ መሃል ቤት እንደቆመች «ሂድ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» ብላ ሾፌሩ ላይ ጮኸች። እንኳን እሱ፣ ከማእድ ቤት ያለችው ባልደረባዋም የሰማቻት አይመስለኝም።

የአስተናጋጇን ጩኸት ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። እሷ ሾፌሩ የማያየውን ታያለች፤ ከሄሊኮፕተሩ ጋር ሰማይ ላይ ናትና። ዘጋቢ ፊልም የሚያይ ሰው ሁሉ የሚቀመጠው እዚያው ላይ ነው። መጨረሻውን አውቀን ስለምናይ መኪናዋ ስትቆም ሞኝነት ይመስለናል። ሾፌሩ ግን ከፊቱ የሚያየው የዘወትር መንገዱን ነው፤ ምናልባት የመብራት ምሰሶ ተጋድሞ ይሆናል፤ ምናልባትም ከፊቱ ያለው መኪና ለምን እንደቆመ እየጠየቀ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለዚሁ አደጋ የተሠራ ሌላ ፊልም ከእናቴ ጋር ቤት ተቀምጠን አየን። እማዬ ነፍሷን ይማርና ፊልም ስታይ ዝም የምትል ሰው አልነበረችም። ውሃው ሲመጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አየችና፣

«ምድሪቱ ከተናወጠች ወዲህ ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው ይኼ ውሃ የመጣው?» አለችኝ።

«ግማሽ ሰዓት፤ አንዳንድ ቦታ ከዚያም በላይ።»

«ታዲያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምን ሲሠሩ ቆዩ?»

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ስለ ምድር ቅርፊት ማስረዳት ጀመርኩ። የፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል በዓመት 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ ከሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ሥር እንደሚገባ፤ ሁለቱ አለቶች ለብዙ መቶ ዓመታት ተጣብቀው ሲገፋፉ እንደኖሩ፤ በዚያች ዕለት ወደ 500 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር እንደተላቀቁና በአንዳንድ ቦታ አንዱ በሌላው ላይ 50 ሜትር ያህል እንደተንሸራተተ፤ የመንቀጥቀጡ መጠን 9 ነጥብ 0 ሆኖ በጃፓን ታሪክ ከተለኩት ሁሉ እንደበለጠ ነገርኳት። የባሕሩ ወለል ሲነሣ በላዩ ያለው ውሃ ከታች እስከ ላይ አብሮ ይነሣል፤ ነፋስ እንደሚያንቀሳቅሰው የላይ ማዕበል አይደለም። በጥልቁ ባሕር ላይ የመንገደኛ አውሮፕላን ያህል ይፈጥናል፤ ከፍታው ግን እዚያ ላይ ያን ያህል ስለማይሆን ከጥልቁ ላይ የሚያጠምድ ሰው ላያስተውለው ይችላል። ወደ ዳር ሲቃረብ ፍጥነቱ ይቀንስና ከኋላ የሚመጣው ውሃ ከፊተኛው ላይ እየተደራረበ ወደ ላይ ያድጋል። ሱናሚ የሚለው የጃፓንኛ ቃል ትርጉሙ «የወደብ ማዕበል» ነው፤ ዓሣ አጥማጆች ባሕር ላይ ምንም ሳያዩ ውለው ሲመለሱ ወደባቸው ጠፍቶ ስለሚያገኙት ነው ይባላል።

እማዬ ጨርሼ እስኪበቃኝ ጠበቀችና «እሱን አልጠየቅሁህም» አለች።

እውነቷን ነበር። የጠየቀችኝ ስለ ምድር አይደለም፤ ስለ ሰዎቹ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ያህል በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ አላነበብኩም።

ከሬሳው ቁጥር እንጀምር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ወደ 15,900 ሰዎች ሞተዋል፤ ከ2,500 በላይ የሚሆኑት እስከ ዛሬ አልተገኙም። ከሞቱት ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት የሞቱት ሰጥመው ነው። ይህ ማለት ቤት ተደርምሶባቸው አልሞቱም ማለት ነው። የጃፓን ሕንፃዎች ያን የሚያህል ነውጥ ችለው ቆመዋል፤ ሰዎቹም ከነውጡ በሕይወት ወጥተዋል። የሞቱት ከ2 ሰዓት ከ46 በኋላ በነበረው ጊዜ ውስጥ በሆነውና ባልሆነው ነገር ነው።

አሁን ከሰዓቱ ጋር አብረን እንሂድ። ማንቂያው ፈጣን ነበር። ለባሕሩ ቅርብ የሆነው መሣሪያ የመጀመሪያውን ንዝረት ከያዘ ከ9 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የመንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያ ተላልፏል። ኤንኤችኬ በዚያን ሰዓት የፓርላማ ስብሰባ በቀጥታ እያስተላለፈ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው በስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገና በወንበራቸው ላይ ናቸው። 2 ሰዓት ከ49 ላይ፣ ማለትም በ3 ደቂቃ ውስጥ፣ የጃፓን ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ሌላ አገር በዚያን ጊዜ አልነበረም ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ስሕተቱ ያለው ማስጠንቀቂያው ውስጥ በነበረው ቁጥር ላይ ነው። በጠረፉ ላይ ካሉት ክፍለ ግዛቶች ለሚያጊ 6 ሜትር፣ ለኢዋቴና ለፉኩሺማ 3 ሜትር ተባለ። ነውጡ እጅግ ትልቅ ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መጠኑ 7 ነጥብ 9 ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ በፍጥነት ለማስላት የሚያገለግለው ዘዴ ከዚያ በላይ ያለውን በትክክል መለየት አይችልም። እንግዲህ ራሳችሁን በኢዋቴ ጠረፍ ላይ አስቀምጡ። በታሮ የሚኖር ሰው ከቤቱ ደጃፍ ሲወጣ የሚያየው 10 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ግንብ ነው። አያቶቹ ከ1933ቱ ማዕበል በኋላ መገንባት የጀመሩት፣ ከውጭ አገር እየመጡ የሚጎበኙት ግንብ ነው። ሬዲዮው «3 ሜትር» ይላል። 3 ከ10 ያንሳል፤ ይህንን ለማስላት ትምህርት አያስፈልግም። «ቀን ሲደርስ አምባ ይፈርሳል» እንላለን እኛ፤ በታሮ ግን ከአምባው ቀድሞ ሰውን የጣለው ያ ስሌት ነው።

የባሰም አለ። 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል በኦፉናቶ ወደብ የታየው የመጀመሪያ ማዕበል 20 ሴንቲ ሜትር ነው ተብሎ ተነገረ። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ሐሰት የለበትም። የሰማ ሰው ግን ምን ያስብ? 20 ሴንቲ ሜትር እኮ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ አይበልጥም። ነገሩ አለፈ ብሎ የተመለሰ ሰው ነበር። በ3 ሰዓት ከ14 ኤጀንሲው ትንበያውን ለሚያጊ ከ10 ሜትር በላይ፣ ለኢዋቴና ለፉኩሺማ 6 ሜትር አደረገው፤ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ደግሞ ለሁሉም ከ10 ሜትር በላይ። በብዙ መንደር ግን መብራት ጠፍቶ፣ ቴሌቪዥን ጨልሞ ስለነበር የደረሳቸው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው። ስለ ቴሌቪዥንና ስለዚህ አደጋ በተነሣ ቁጥር ከሁሉ የሚከብደኝ ይኼ ነው። በአዲስ አበባ ሻይ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን ያየነውን ምስል፣ ምስሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች አላዩትም።

ወደ እማዬ ጥያቄ ልመለስ፤ ምን ሲሠሩ ቆዩ? የጃፓን መንግሥት በዚያው ዓመት በሦስቱ ክፍለ ግዛቶች ከተረፉት ውስጥ 870 ሰዎችን አነጋግሯል። ከ100 57ቱ ነውጡ እንደቆመ ወዲያው ሸሽተዋል። 31ዱ ግን በመጀመሪያ አንድ ጉዳይ ፈጽመው ነው የሸሹት። 11ዱ ውሃው ዓይናቸው ሥር ሲደርስ ነው የተነሡት። «ጉዳይ» የተባለውን ስታዩት ቀላል ነገር ነው፤ ወደ ቤት መመለስ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ቤተሰብ መፈለግ፣ የወዳደቀውን ዕቃ ማንሣት። ይህ መጠይቅ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ የጠየቀው የተረፉትን ብቻ ነው። ጉዳያቸውን ሲፈጽሙ የቀሩት አልተጠየቁም።

የአንዳንዶቹ ጉዳይ ደግሞ ሌላውን ማዳን ነበር። 254 የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል። እነዚህ በሌላ ቀን ዓሣ የሚነግዱ፣ አናጢ፣ የሱቅ ባለቤት የሆኑ ሰዎች ናቸው። ከሥራቸው አንዱ የባሕሩን ግንብ በሮች መዝጋት ነበር፤ ወደ ባሕር ሮጡ፣ ሁሉም ሰው በሚሸሽበት አቅጣጫ በተቃራኒ። በሚናሚሳንሪኩ ከተማ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ የሆነች አንዲት ወጣት በድምፅ ማጉያ «ወደ ከፍታ ቦታ ሽሹ» እያለች እስከ መጨረሻው ስትናገር ነበር፤ ድምፁን በፊልሙ ትሰሙታላችሁ። የነበረችበት የአደጋ መከላከያ ጽሕፈት ቤት 12 ሜትር ከፍታ ነበረው፤ ውሃው ጣሪያውን አልፎ ሄደ፤ በዚያ ሕንፃ 43 ሰዎች ሞተዋል። ዛሬ ቆሞ የሚታየው ቀዩ የብረት አጽም ነው።

የሁለት ቦታ ትምህርት ቤቶችን ላነጻጽር እፈልጋለሁ፤ መምህር ስለነበርኩ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትፍረዱብኝ።

የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኢሺኖማኪ ከተማ፣ ከኪታካሚ ወንዝ አፍ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ የሚገኝ ነው። በአደጋ ካርታው ላይ ውሃ የማይደርስበት ቦታ ተብሎ ነበር፤ እንዲያውም ለሌሎች መጠጊያ እንዲሆን ተመድቦ ነበር። ከነውጡ በኋላ መምህራኑ ልጆቹን በሥርዓት አውጥተው በሜዳው ላይ አሰለፏቸው፤ ስም ጠሩ፤ ብርድ ስለነበር የሚሞቁበትን ነገር አሰቡ፤ የመጡ ወላጆችን ልጆቻቸውን እያስረከቡ ሸኙ፤ ወዴት እንሂድ በሚለው ላይ ተከራከሩ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ አለ። «ወደ ኮረብታው እንውጣ» ያሉ ልጆች እንደነበሩ ከተረፉት ተሰምቷል። በመጨረሻ ጉዞ የጀመሩት በወንዙ ድልድይ አጠገብ ወዳለው ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ውሃው እዚያው መንገድ ላይ አገኛቸው። የትምህርት ቤቱ ሰዓት 3 ሰዓት ከ37 ላይ ቆመ። ከነውጡ እስከዚያ 51 ደቂቃ ነው፤ ከአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበልጥ። ከ108 ተማሪዎች 74ቱ፣ በቦታው ከነበሩት 11 መምህራን 10ሩ አለቁ። ከልጆቹ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2018 የሰንዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቱና የከተማው ትምህርት አስተዳደር ከአደጋው በፊት ማድረግ የሚገባቸውን ዝግጅት አላደረጉም ብሎ ፈረደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው። የፍርዱን ፍሬ ነገር ልብ በሉልኝ። ፍርድ ቤቱ ጥፋቱን ያኖረው በሜዳው ላይ በተከራከሩት መምህራን 51 ደቂቃ ላይ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ጸጥ ያሉ ዓመታት ላይ ነው።

በካማኢሺ ከተማ፣ ኡኖሱማይ በሚባለው ሰፈር ደግሞ አንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃና አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ነበሩ። እነሱም በካርታው ላይ ከአደጋ ውጭ ነበሩ። ነውጡ እንደቆመ ታላላቆቹ ተማሪዎች ስም እስኪጠራ ሳይጠብቁ ሮጡ። የአንደኛ ደረጃዎቹ ወደ ሕንፃው ላይኛ ፎቅ ወጥተው ነበር፤ ታላላቆቻቸው ሲሮጡ ሲያዩ ወርደው ተከተሏቸው። ቀድሞ ወደተዘጋጀው መጠጊያ ሲደርሱ ከጀርባው ያለው ገደል እየተናደ መሆኑን አይተው እንደገና ወደ ላይ ሄዱ፤ ታላላቆቹ የታናናሾቹን እጅ ይዘው፤ ከዚያም ውሃው ከታች ሲታያቸው ለሦስተኛ ጊዜ ሮጡ። ትምህርት ቤቶቻቸውም፣ የመጀመሪያው መጠጊያም ተጠርገው ሄዱ። በዚያን ሰዓት በትምህርት ቤቶቹ ውስጥ የነበሩት ወደ 600 የሚጠጉ ልጆች ተረፉ። ለዓመታት ያስተማሯቸው ቶሺታካ ካታዳ የሚባሉ የአደጋ መከላከል ምሁር ናቸው። ከትምህርታቸው አንዱ ካርታውን አትመኑ የሚል ነበር፤ ሌላው ደግሞ መጀመሪያ የሚሸሸው አንተ ሁን የሚል፤ አንድ ሰው ሲሮጥ ሌላው ይከተላልና።

በዚያ ጠረፍ «ሱናሚ ተንደንኮ» የሚባል አባባል አለ። ሱናሚ ሲመጣ እያንዳንዱ ለየብቻው ይሽሽ ማለት ነው፤ እናት ልጇን፣ ልጅ አባቱን አይጠብቅ። ጠረፉ ይህንን የተማረው በደሙ ነው። በ1896 ከነውጡ በኋላ በመጣ ማዕበል ወደ 22,000 ሰው አልቋል፤ በ1933 ደግሞ ወደ 3,000፤ ሊፈላለጉ ተመልሰው ቤተሰብ በሙሉ የጠፋበት መንደር ብዙ ነው።

ይህን አባባል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ዘገነነኝ። ያደግሁት እናቱን ጥሎ የሮጠ ልጅ ስሙ በማይነሣበት አገር ነው። ቆይቼ ግን ተንደንኮ የሚፈጸመው ማዕበሉ ሲመጣ እንዳልሆነ ገባኝ። የሚፈጸመው አስቀድሞ፣ በእራት ሰዓት፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲስማማ ነው። እናት ልጇ እንደሚሮጥ ካወቀች ልትፈልገው ወደ ትምህርት ቤቱ አትወርድም፤ ልጁም እናቱ እንደምትሮጥ ካወቀ በሩ ላይ ቆሞ አይጠብቃትም። ካርታ የማያምኑት የካማኢሺ ልጆችም የአንዱን ነገር እውነትነት ያምኑ ነበር፤ የወላጆቻቸውን እግር።

ይህንን ለእማዬ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ልክ ነው፤ ብልሆች ናቸው» አለች። ቀጥላም «እኔ ግን እመለስ ነበር» አለችኝ። አልተከራከርኳትም።

ባሕር በሌለን በእኛ ዘንድ ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ይመስል ነበር። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከፈንታሌና ከዶፈን አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ግን በሌሊት ልብስ ከኮንዶሚኒየም ደረጃ የወረዳችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ትኖራላችሁ። እኔ ከአራተኛ ፎቅ ወርጄ፣ ግቢው ውስጥ ከጎረቤቶቼ ጋር ጥቂት ቆሜ፣ የቤት ቁልፍ ረስቻለሁ ብዬ ተመልሼ ወጣሁ። ይህንን ንግግር በምን ሞራል እንደማደርግ እኔም አላውቅም።

ጊዜ ስላለ ብቻ ደግሞ ሰው አይድንም፤ ወሬው አብሮ መድረስ አለበት። በ2004 ዲሴምበር 26 በሱማትራ የተነሣው ሱናሚ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ጎረቤታችን ሶማሊያ ለመድረስ 7 ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል። ኢንዶኔዥያ፣ ታይላንድ፣ ስሪላንካና ሕንድ ላይ የሆነው በዓለም ቴሌቪዥን እየታየ ነው፤ በፑንትላንድ ጠረፍ በሐፉን ለነበሩት ዓሣ አጥማጆች ግን የነገራቸው የለም። በሶማሊያ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ኬንያ ወሬው ደርሷት የባሕር ዳርቻዎቿን ሰው አስለቀቀች፤ የሞተባት አንድ ሰው እንደሆነ ነው የተዘገበው። ሳንሪኩ በሚባለው በዚያ የጃፓን ጠረፍ ለነበሩት ሰዎች 30 ደቂቃና የተሳሳተ ቁጥር ነበራቸው፤ ለሐፉን ሰዎች 7 ሰዓትና ምንም።

ጃፓኖች ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ ለሚለው፣ ግንቡን ከፍ ማድረጋቸውን ሁሉም ያወራል። እኔን የሚገርመኝ ቃላቸውን መለወጣቸው ነው። ከ2013 ጀምሮ የሜትሮሎጂ ኤጀንሲው እጅግ ትልቅ ነውጥ ሲደርስ በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ላይ የሜትር ቁጥር አይናገርም፤ «ግዙፍ» ወይም «ከፍተኛ» ብቻ ይላል። ሰው ቁጥር ሲሰማ ከግንቡ ጋር ያነጻጽራል፤ «ግዙፍ» የሚለውን ቃል ግን ከምንም ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ለሳይንስ ሰዎች ከቁጥር ወደ ቃል መመለስ ቀላል ውሳኔ አይመስለኝም። ኤንኤችኬም አነጋገሩን ለወጠ። በ2011 ዜና አንባቢዎቹ ሕዝቡ እንዳይደናገጥ ረጋ ባለ፣ በትሕትና በተሞላ ቋንቋ፣ በእኛ ቢሆን «እባክዎ ወደ ከፍታ ቦታ ይሂዱ» እንደማለት ነበር የተናገሩት። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 በኖቶ ልሳነ ምድር ነውጥ ሲደርስ ግን ዜና አንባቢዋ ቃል በቃል ትጮህ ነበር፤ «አሁኑኑ ሽሹ! ወደ ኋላ አትመለሱ!» በስክሪኑም ላይ «ሱናሚ! ሽሹ!» የሚለው ሕፃናትና የውጭ አገር ሰዎች ሊያነቡት በሚችሉት ቀላሉ ፊደል በትልቁ ተጽፏል። ያን ቀን በአዲስ ዓመት በዓላቸው ቤት የተቀመጡ ጃፓናውያን በድምፅዋ ደንግጠዋል፤ የሚፈለገውም መደንገጡ ነበር። እኔ ስሰማው ትዝ ያለችኝ በ2003 ዓ.ም. ትሪ ይዛ ስክሪን ላይ የጮኸችው አስተናጋጃችን ናት። ትክክለኛውን የድምፅ መጠን ያኔ አግኝታው ነበር፤ የጎደላት ማይክሮፎን ነው።

የጃፓን ቴሌቪዥኖች ያመጡት ሌላም ልማድ አለ፤ ንግግሬንም በእሱ ላቁም፤ ሰዓቴ 30 ደቂቃ ሊሞላ ነው ይላል፤ ንግግሩን ከጀመርኩ ወዲህም አራት ሰዎች ስልክ ለማናገር ወጥተው ሦስቱ ተመልሰዋል። የሱናሚ ምስል ከማሳየታቸው በፊት «ቀጥሎ የሱናሚ ምስል ይታያል» የሚል ጽሑፍ ያወጣሉ፤ ያን ቀን ያዩ ሰዎች ቻናሉን ለመቀየር ወይም ከክፍሉ ለመውጣት ጊዜ እንዲያገኙ። እኔም እንደነሱ አስቀድሜ እናገራለሁ። በሁለተኛው ክፍል የሱናሚ ምስል አለ፤ በተለይ በሚያኮ ከተማ ጥቁሩ ውሃ ጀልባዎችን ይዞ ከግንቡ በላይ የሚወርድበት ቦታ ረዘም ይላል። ማየት የማይፈልግ ሰው በግራ በኩል ያለው በር ክፍት ነው፤ በረንዳው ላይ ሻይ ተዘጋጅቷል። መብራቱን ከማጥፋታችን በፊት ሁለት ደቂቃ እንጠብቃለን።

አመሰግናለሁ።